የሱጊኖዳይ ሰፈር ድብ ጠባቂ

ኦይካዋ ሚትሱኤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ ከእሷ ድስት በልቶ ስላደገ፣ ስትቆጣ ደፍሮ የሚመልስላት አልነበረም። ጡረታ ወጥታ ዕረፍት ታገኛለች ሲባል ግን ማንም ያላሰበውን ሥራ ያዘች። ድብ መጠበቅ ጀመረች።

ሱጊኖዳይ በጃፓን አኪታ ግዛት ውስጥ፣ ተራራ ግርጌ የተሠራ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የመጨረሻው ረድፍ ቤቶች ጓሮ ሲያልቅ ጫካው ይጀምራል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመኸር፣ አንዲት እናት ድብ ከነግልገሏ ወንዙ ዳር ያለ የሩዝ መጋዘን ገብታ ተገደለች። ሚትሱኤ ከገበያ ስትመለስ ሬሳዎቹን መኪና ላይ ሲጭኑ ደረሰች። የግልገሉ እግር ከሰማያዊው ሸራ ሥር ወጥቶ ነበር፤ መዳፉ የሕፃን እጅ ያክላል። እስከ ቤቷ ድረስ ያንን መዳፍ በሐሳቧ እያየች ሄደች፤ ራቷንም አልበላችም።

በሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ ላይ ተነሣችና፣ "የገደልናቸው እኛ ነን" አለች። "ካኪያችንን ሳንለቅም ዛፍ ላይ እንተዋለን፤ ሸትቷቸው ይመጣሉ፤ ከዚያ ጠመንጃ እንጠራለን። ፍሬውን ብናነሣ ማን ይመጣል?"

ካኪ እንደ ቲማቲም የቀላ ጣፋጭ ፍሬ ነው፤ በየግቢው አለ። ብዙዎቹ ወጣቶች ቶኪዮ ገብተው በብዙ ቤት ሽማግሌዎች ብቻ ስለቀሩ ግን መሰላል የሚወጣ ጠፋ። ሚትሱኤ ባለመቁረጫ ረጅም ዘንግ ገዛች፣ ድብ ሰምቶ እንዲርቅ ወገቧ ላይ ቃጭል አሰረች፣ ከቤት ቤት እየዞረች ትለቅም ጀመር።

"ሚትሱኤ ሳን፣ ደግሞ የድብ ሞግዚት ሆኑልን?" ይሏታል፣ እንደ አገሩ ወግ ስሟ ላይ የአክብሮት "ሳን" ጨምረው።

"አንተንስ ሽንኩርት አልበላም ስትል ያሳደግሁህ እኔ አይደለሁም? ድብ ካንተ አይብስም። ይልቅ መሰላሉን ያዝ!"

በቀጣዩ ዓመት መኸር አንድም ድብ አልተገደለም። ሰውም አመናት።

በሁለተኛው ዓመት ግን የተራራው ዛፎች ድቦቹ የሚበሉትን ፍሬ አልያዙም። እንጉዳይ ለቃሚዎች ባዶ ቅርጫት ይዘው ወረዱ፤ አንዱ፣ "ጫካው ጭር ብሏል፤ ወፍ እንኳ የለም" አለ። መስከረም ሳያልቅ ወንዙ ዳር ያለው ሣር በትልቅ አካል ተደፍጥጦ ተገኘ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ የካኪ ፍሬ ዘር የሞላበት ዓይነ ምድር ታየ። የማዕዘኑ ቤት ውሻ፣ ለፖስታ ሰው ሁሉ የሚጮኸው፣ ዝም ብሎ ከደረጃው ሥር አልወጣ አለ። ሚትሱኤ ከጠዋት እስከ ማታ ስትለቅም ዋለች። ትከሻዋ አልታዘዝ አላት።

አንድ ዛፍ ብቻ ቀረ። የኩዶ ያሄይጂ ዛፍ ነው፤ በሰፈሩ ከሁሉ ይረዝማል። ያሄይጂ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል።

"ሂጂ ብያለሁ" አላት በመስኮት። "እሷ ከሄደች ወዲህ ይህን ዛፍ የነካው የለም።"

"ያሄይጂ ሳን፣ እባክዎ ይስሙኝ። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው። ያለውን ድብ ሁሉ ወደዚህ እየጠሩት ነው እኮ።"

ሚትሱኤ ወደ ዛፉ ጠጋ ስትል ግንዱን አየች። ከራስዋ በላይ፣ በጥፍር አምስት አምስት ሆኖ የተሰነተረ ልጥ አለ። ሙጫው ገና አልደረቀም።

"አይተውታል?" አለች ዞር ብላ።

"ሦስት ቀኑ ነው" አለ ያሄይጂ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ። "ሊመሽ ሲል ይመጣል። ወጥቶ ይበላል፣ ይወርዳል። አንዳንዴ መስኮቱን ቀና ብሎ ያያል። እኔም አየዋለሁ። ከሱ ሌላ ማን ይመጣል?"

ሚትሱኤ ስልኳን አወጣች። ለማዘጋጃ ቤቱ ብትደውል ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ወጥመድ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጠመንጃ። ያ ሸራ ሥር ያየችው መዳፍ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

"ነገ ጠዋት ልልቀመው" አለች። "ፍሬ ሲያጣ ይሄዳል። ለማንም አልናገርም። እርስዎም ይፍቀዱልኝ።"

ሽማግሌው ዛፉን ቀና ብሎ አይቶ፣ "እሺ። ግን ለኔ ጥቂት ተዪልኝ፤ እሷ ታደርግ እንደነበረው ልጬ ላደርቀው" አለ።

በነጋው ዝናብ ሆነ። ቀኑን ሙሉ አላባራም፤ መሰላሉ ያንሸራትታል። ሚትሱኤ መስኮት ላይ ቆማ፣ አንድ ቀን ምንም አይደለም እያለች ራሷን አጽናናች። ሁለት ጊዜ ስልኳን አነሣች፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቀመጠችው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሄደች። ዛፉ ላይ አንድም ፍሬ አልነበረም። ቅርንጫፎቹ ተሰባብረው መሬቱን ሞልተውታል። በቃ ጨርሶ ሄዷል ብላ ልትተነፍስ ስትል፣ የወጥ ቤቱ ተንሸራታች በር ወደ ውስጥ ወድቆ አየች። ደፉ ላይ የተረገጠ ካኪ አለ። ያሄይጂ በዝናቡ ወጥቶ ከታች ያሉትን ለቅሞ፣ ሊልጣቸው አስገብቷቸው ነበር።

"ያሄይጂ ሳን!"

ከውስጥ የሆነ ነገር ተነፈሰ፤ ከባድ፣ የእንስሳ ትንፋሽ። ከዚያ ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ግድግዳ በቀስታ ተንኳኳ። አንድ፣ ሁለት። ሽማግሌው በሕይወት አለ።

ሚትሱኤ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ወጣችና ደወለች።

ፖሊሶችና የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በሩብ ሰዓት ደረሱ። ከአዳኞቹ ጋር የመጣው ኢሴኪ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመጣው?" አላት።

"ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። እኔ ካወቅሁ ሦስት ቀኔ።"

ኢሴኪ አያትና ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ። ቢሰድባት በተሻላት ነበር።

ማደንዘዣ የሚተኩሰው የእንስሳት ሐኪም የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች አንዱ፣ "ኦይካዋ ሳን፣ ብንጠብቅ ምን ይመስልዎታል?" ሲል ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በኩል ያሄይጂ፣ "ክንዴ... ደሙ አልቆም አለ" ሲል ይሰማል።

"አይጠበቅም" አለች ሚትሱኤ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "ተኩሱ።"

ሁለት ጥይት ተተኮሰ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ድቡን ሲያወጡት ወጣት ወንድ ነበር፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ያሄይጂ ክንዱ ተሰፍቶ ዳነ፤ ሦስት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ሆስፒታል ሄዳ አጠገቡ ስትቀመጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና፣ "አንቺ ነሽ ያስገደልሽው?" አላት።

"አዎ። እኔ ነኝ።"

"እኔም ነኝ" አለ።

ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ከሩቅ ከተማ የማያውቋት ሰዎች እየደወሉ ነፍሰ ገዳይ ይሏት ጀመር። የሰፈሩ ሰው ደግሞ በሌላ ነገር ተቆጣ። በስብሰባው ላይ ሚትሱኤ ተነሥታ ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻቸው፤ ምልክቱን እንዳየች፣ እንደደበቀች። አንዲት እናት፣ "ልጄ በዚያ በር ፊት ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው!" ብላ አለቀሰች። ሚትሱኤ ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ ብላ ቆየች። ሥራውን ልተው ስትል ግን እተካታለሁ ብሎ እጁን ያወጣ አልነበረም።

አሁን ታኅሣሥ ነው። በረዶ አልወረደም። ድቦቹ በዚህ ወቅት ጉድጓዳቸው ገብተው መተኛት ነበረባቸው፤ የሚበሉት ሳያገኙ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሚትሱኤ በመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ጀርባ ስታልፍ ጭቃው ላይ ዱካ አየች። ከተገደለው ድብ መዳፍ ሰፋ ይላል። አጠገቡ ሌላ፣ ትንሽ ዱካ አለ።

ወዲያው ለማዘጋጃ ቤቱ ደወለች። ቦታውን ነገረች፣ ሰዓቱን ነገረች፣ ሁለት መሆናቸውንም ነገረች። ከአጥሩ ማዶ ልጆቹ ይዘምራሉ። ሚትሱኤ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ዱካው ወደሚያመራበት ቁጥቋጦ አድርጋ፣ መኪናው እስኪመጣ ቆመች።