ጠረጴዛው ምን አደረገህ?

ሰለሐዲን ጀበል አሊ ሦስት ዓመት ካርቶን ሲሸከም ከርሞ፣ በኢድ ማግስት እዚያው አረብ አገር፣ አል ቁዝ የሚባል ሰፈር ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለሙከራ ገባ። ኃላፊው ኻሊድ አንድ ጠረጴዛና የሚሽከረከር መፈግፈጊያ ማሽን ሰጠው፤ አለስልሶ ቫርኒሽ እንዲቀባው። ካማረ ይቀጠራል፤ ካላማረ ወደ ካርቶኑ። ወገቡ ደግሞ ካርቶን የሚባል ነገር ዳግም እንዳያሳየው ሲለምነው ሰንብቷል።

የኮምቦልቻ ልጅ ሥራ አይፈራም፤ ጣጣውም ይኸው ነበር። ለሰለሐዲን ላብ ያላወጣ ሥራ ሥራ አይደለም። ማሽኑን ከነደረቱ ተጫነው፤ ማሽኑ አቃሰተ፣ እሱም አቃሰተ። ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት መካከለኛውን ዘሎ ወደ ልስልሱ ገባ፤ ብናኙን መጥረግም ጊዜ ማባከን መሰለው። በእጁ ሲዳብሰው ለስልሶለታል። ቫርኒሽ ሲቀባ ግን ጉዱ ወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር ክብ ክብ ጭረት ሆነ። ኻሊድ አየና አንድ ቀን ጨመረለት፣ አንድ ብቻ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሻርጃ ሰው ቤት ለምትሠራው እህቱ ለመሊካ ፎቶውን ላከላት። ወዲያው ደወለች።

"ዋላሂ የማዳሜን ጠረጴዛ ነው የሚመስለው" አለች እየሳቀች። "እኔም መጀመሪያ ሰሞን ፈትጌ ፈትጌ እንዲህ አድርጌው ሙሽኪላ ሆኖብኝ ነበር። ማዳም እኮ ከላይ አታይም፤ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ብርሃን ከጎን ነው የምታየው። አንተም እንደሷ እያየህ ሥራ። አቧራውን ጥረግ፣ እሱም ይጭራል። ደግሞ አትጫነው፤ ጠረጴዛው ምን አደረገህ?"

ማሽን ነክታ የማታውቅ እህቱ ስታስተምረው ሰለሐዲንን ከፋው። ወገቡ ግን ከሷ ጋር ወገነ።

በማግስቱ ያንኑ ጠረጴዛ ከሻካራው ወረቀት ጀመረ። ማሽኑ በራሱ ክብደት ብቻ ቀስ እያለ እንዲሄድ ለቀቀው። አንድም ወረቀት አልዘለለም፤ በየመሀሉ በጨርቅ ጠረገ፣ እንደ ማዳም ጎንበስ እያለ ከጎን አየ። ላብ የለ፣ ማቃሰት የለ፤ ደመወዝ የሚሰርቅ መስሎት አፈረ። ኻሊድም ባለፈ ቁጥር "ያላ፣ ሹግል፣ ሥራ ሥራ" እያለ ኀፍረቱን አባሰበት።

ቫርኒሹ ሲደርቅ ኻሊድ አምፖል ይዞ መጣ። ከቀኝ አበራ፣ ከግራ አበራ፤ ጭረት የሚባል የለም።

"ኸላስ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነህ" አለና፣ ደስ ብሎት የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው። ቁልፉ ተንሸራቶ ስንዝር የሚያህል መስመር አሰመረ።

ሰለሐዲን ጎንበስ ብሎ መስመሩን ከጎን አየው። ከተቀጠረ ገና አንድ ደቂቃ አልሞላውም።

"ሙዲር" አለው አለቃውን፣ "ቁልፍህን አንሳ።"

ኻሊድም አነሳ፤ በሁለት ጣቱ፣ ሳይጫን።