ያልገባ እያለ አይወጣም

አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በድሬዳዋ መስመር ጣቢያ ባቡር አሳላፊ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሐዲድ ወደሌለበት አምቦ ተመለሱ። ሕጉን ግን ይዘውት መጡ። «ሐዲዱ አንድ ነው» ይሉ ነበር፤ «ከወዲያ የተነሣው ጣቢያ ሳይገባ የወዲህኛው አይለቀቅም።»

ወጣት ወጥቶ በሚቀርበት በዚያ ዘመን ቤታችን በዚሁ ሕግ ተዳደረ። ወንድሜ ከቀበሌ ስብሰባ ሳይመለስ እኔ ዳቦ ልገዛ እንኳ አልወጣም። አያቴ የግቢው ደጃፍ ላይ በርጩማቸውን አስጠግተው ይቀመጡና «ማን ቀረ?» ይላሉ። አንድ ቀን ተናድጄ፣ «አባባ፣ እኔ ባቡር ነኝ እንዴ?» አልኳቸው።

«ባቡር እንኳ ፍሬን አለው፤ አንቺ ምን አለሽ?» አሉኝ።

ከዓመታት በኋላ የአያቴ ማረፍ በስልክ ሲነገረኝ ነቀምቴ አስተምር ነበር። ለቀብሩ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ለካ ቤት ቄሶቹ «ሰዓት ሄደ» እያሉ ነው፤ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ቶላም ተቆጥተዋል። እናቴ ግን ከባዶው በርጩማ አጠገብ የግቢውን በር ይዛ ቆማለች።

«ኦቦ ቶላ፣ ያልገባ አለ» ብላቸዋለች።

አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሼ ስደርስ አስከሬኑ ግቢ ውስጥ ይጠብቃል። እናቴ አየችኝና ከበሩ ገለል አለች።

«ገብታለች» አለች ወደ አስከሬኑ ዞራ፤ «አሁን ይለፉ።»