ወንዙን ጠይቄ የተመለስኩባት ከተማ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቦሌ ለሚ ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ስትመለስ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "እማ፣ ለሥልጠና ጣልያን ሊልኩኝ ነው! ለአንድ ሳምንት!" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እኔ እንደሆንኩ ከአራብሳ ተነስታ መገናኛ እስክትደርስ ደጋግሜ የምደውል ሴት ነኝ።

"መርቂኝ እንጂ!"

"ብትጠፊስ? ቋንቋቸውን አታውቂ!"

"እማ ደግሞ! ስልኬ እኮ መንገድ ያሳያል።"

ሳልመርቃት ስቀር አኩርፋ መኝታ ቤቷ ገባች። ሽንኩርት እየላጥኩ ስብሰለሰል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቢላዬን አስቀመጥኩ። ለካ እኔም ጠፍቼ አውቃለሁ፤ ያውም እዚያው ጣልያን።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ጫማ የሚሸጡ እትዬ ሮማን የሚባሉ ሴት ቤት መንትያ ልጆቻቸውን አሳድግ ነበር። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ መንትዮቹ ግን ከእኔ እጅ ካልሆነ አይበሉም። ስለዚህ እትዬ ጣልያን፣ ፍሎረንስ ወደምትባል ከተማ ለአጭር ዕረፍት ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ።

ከተማዋን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ቤቶቹ የሽሮ መልክ አላቸው። በአንዱ ድልድይ ላይ ግራና ቀኝ ወርቅ ቤት ተደርድሯል፤ ድልድይ ላይ ሱቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ፀሐዩ ያታልላል እንጂ ድንጋዩ ገና ብርዱን አልለቀቀም ነበር። ሁዳዴ ስለነበር እትዬ "ምን ልትበዪ ነው?" ብለው ተጨንቀው ነበር፤ ባቄላው በዘይት፣ ዳቦው በቲማቲም ሲቀርብ ግን እነሱም የሚጾሙ መሰለኝ።

አንድ ቀን እትዬ ልጆቹን ይዘው ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ "ዛሬ የራስሽ ቀን ነው፤ ብቻ አትራቂ" አሉኝ። ድልድዩን ተሻግሬ በየጠባቡ መንገድ ስዞር ቤተ ክርስቲያን አየሁ። አይቼ እንዴት ልለፍ? ልክ እንደ ቦሌ ሚካኤል ደጁን ተሳለምኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ደረጃው ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩና ገባሁ። ውስጥ ሰዉ ሁሉ ከነጫማው! አንዲት አሮጊት እግሬን አይተው አማተቡ። እኔ ደግሞ በእነሱ አዘንኩ።

ስወጣ ጫማዬ የለም።

ጫማዬን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስል የመጣሁበት መንገድም ጠፋኝ። ያረፍንበትን ሆቴል ስም አላውቀው! እንባዬ መጣ። ግን ማን ያባብለኛል? ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጠዋት መንትዮቹ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ወንዙ ውስጥ ወረቀት ሲጥሉ፣ ውሃው ወደ ወርቅ ቤቶቹ ነበር የሚወስድባቸው። እንግዲያው ሆቴሉ ከድልድዩ በላይ ነው፤ ውሃው ከሚመጣበት በኩል።

ውሃ መቼም ቁልቁል ነው፤ ቁልቁለቱን ይዤ ወንዙን አገኘሁት። ድልድዩን ተሻገርኩና በዳርቻው ሽቅብ ሄድኩ። የድንጋዩ ብርድ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል። ካፌ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች እግሬን እያዩ ሲንሾካሾኩ፣ እንደ ባለርስት ቀና ብዬ አለፍኳቸው።

እትዬ ሮማን ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። "አንቺ ልጅ! እግርሽ ምነው?"

"ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ጫማዬን ባወልቀው ወሰዱብኝ።"

ደረታቸውን ይዘው ሳቁ። "የጫማ ነጋዴ ሞግዚት በባዶ እግሯ! አዲስ አበባ ገብተሽ እንዳታወሪ፣ ገበያዬን ትዘጊብኛለሽ!" ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ "ለመሆኑ ሆቴሉን እንዴት አገኘሽው?" አሉኝ።

"ወንዙን ጠይቄ።"

ከዚያ በኋላ በቀሩን ቀናት መንትዮቹን ለእኔ ብቻ እየሰጡ ያሰናብቱን ነበር፤ አይስክሬም እያበላኋቸው ከተማዋን እንደ ሰፈሬ ዞርኳት።

ይህን ሁሉ ለልጄ በሯን አንኳኩቼ ነገርኳት። ኩርፊያዋ ጠፍቶ ተንከተከተች። "እማ፣ ያለ ስልክ? ያለ ጫማ?"

"ያለ ሁለቱም።"

ያኔ እንደዛሬው አልፈራሁም። የጠፋሁት እኔው ነበርኩ፤ ሰው ለራሱ ያን ያህል አይፈራም። ፍርሃት ከልጅ ጋር ነው የሚወለደው፤ ልጅ ሲያድግ አብሮ ያድጋል። ግን እኔ ከሦስተኛ ክፍል አቋርጬ መንገዴን ካገኘሁ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጄ ምን ይጎድላታል?

እጄን ጭንቅላቷ ላይ ጫንኩ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። "በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስሽ" አልኳት። "ፍርሃቱን ለእኔ ተዪልኝ፤ አንቺ ሂጂ።"