ጽዋ ሆና የቀረችው የአበባ ማስቀመጫዬ

የመጀመሪያዋን የአበባ ማስቀመጫ ያገኘሁት ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት መስሎኝ ነበር ማለቴ ነው።

አትላንታ ገና መምጣቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የልጄ ባል ድስት እንገዛለን ብሎ በታክሲው ሊልበርን ወደሚባል ሰፈር ይዞኝ ሄደ። ከመኪናው ስወርድ አንድ ግቢ ሣር ላይ የሰው ቤት ዕቃ በሙሉ ተዘርግቷል። የወንድ ሙሉ ልብስ በገመድ ተሰቅሏል፤ ጫማው ከሥሩ ተደርድሯል፤ ባርኔጣው ወንበር ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ አጠገቡ ኩርምት ብላለች። ሰዉ ይመጣል፣ ኮቱን ዳሰስ ያደርጋል፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። በእኛ አገር የወንድ ልብስ እንዲህ ደጅ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ድስት እመርጣለሁ? ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ሄጄ የሴትየዋን እጅ ይዤ አለቀስኩላት።

ሴትየዋ መጀመሪያ ደንገጥ አለች። ትንሽ ቆይታ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ለምን እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የቆየ ነገር ይኖራት ይሆናል፣ የሌለው ማን አለ። ደህና አድርገን ከተላቀስን በኋላ ሟቹ ለስላሳውን እየጠጣ ከጋራዡ ወጣ።

የልጄ ባል ላብ አጠመቀው። «እማማ፣ የሞተ ሰው የለም። ያርድ ሴል ነው። ዕቃ እየሸጡ ነው።»

«ታዲያ ልብሱን ለምን ሰቀሉት?»

«ወፍረው አልበቃቸው ብሎ ነው።»

ሴትየዋ ግን አልለቀቀችኝም። ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ነጭ ዕቃ አንስታ በሁለት እጄ አስታቀፈችኝ። ባሏ ወታደር ሆኖ ጀርመን አገር ሳሉ የገዛቻት የአበባ ማስቀመጫ ናት። ልክፈል ብል እጄን መለሰችው። ለቅሶ ደርሼ ዕቃ ይዤ ስመለስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የሲኒ ዘር ናት፤ ግን እንደ ሲኒ አታብረቀርቅም። ከውጭ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሻከር ትላለች፣ ከውስጥ ግን ለስላሳ ናት። ቁመቷ ክንድ የማይሞላ፣ አፏ ጭብጥ የሚያስገባ። ወገቧ ላይ ነፋስ ኩሬ ላይ ሲያልፍ የሚያወጣው ዓይነት ሽብሽብ አለባት። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ሲገባ ሽብሽቡ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። እኔም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ሌላ ምን ልሥራ? ልጄ ኤርፖርቱ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ሰፈር ሆቴል ታጸዳለች፣ ባሏ ታክሲ ይነዳል፣ ቴሌቪዥኑ የሚናገረው አይገባኝም።

ቂጧ ላይ ጽሑፍ ነበረ። ልጄ «ዌስት ጀርመኒ ይላል» አለችኝ።

«ዌስት ምንድነው?»

«ምዕራብ።»

«የምሥራቁስ?»

«የምሥራቁ የደርግ ወዳጅ ነው፣ እማዬ።»

ከዚያ ወዲያ ያርድ ሴል ሄጄ ዕቃ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ቂጡን ሆነ። የአገሬን ፊደል እንደ ምንም ቤት ውስጥ ለይቻለሁ፣ የፈረንጁን አላውቅም። ሁለት ሸለቆ ጎን ለጎን የመሰለችዋን የዌስትን መነሻ ፊደል ግን ለመድኳት፤ እሷ ከፊት ከሌለች ዕቃውን መልሼ አስቀምጣለሁ። ከደርግ ሸሽቼ ሱዳን ድረስ በእግሬ ተጉዤ የወዳጁን ዕቃ መደርደሪያዬ ላይ አላወጣም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰበሰብኩ። ሊልበርንና ጎረቤቷ ስኔልቪል ውስጥ ጀርመን የዘመተ ወታደር ለካ ብዙ ነው፤ ሚስቶቹ ሁሉ ነጭ ነጭ ዕቃ ይዘው ገብተዋል። አንዷ ሽንኩርት ትመስላለች። አንዷ ወገቧ ላይ ቀዳዳ አላት፤ ውሃ ቢገባባት የት እንደሚቆም እንጃ። አንዷ ደግሞ የተጨማደደ የወረቀት ከረጢት ናት። የልጄ ባል ከሥራ ሲገባ የብርቱካን ልጣጩን ይጥልባት ነበር፤ አንድ ቀን ከነልጣጩ ጨምድዶ ሊጥላት ሞክሮ አልጨመደድ ብላው ነው የሲኒ ዘር መሆኗን ያወቀው።

«እማዬ፣ አበባ የማይገባበት የአበባ ማስቀመጫ ምን ይሠራል?» ትለኛለች ልጄ።

«አበባውስ ራሱ ምን ይሠራል?» እላታለሁ።

ከሁሉም ግን ያችን የለቅሶዋን አስበልጣለሁ።

በዚህ መሐል ያለነው ሰዎች ተሰብስበን የእመቤታችንን ጽዋ ማኅበር እንጀምር ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ገና አልነበረንም። አንድ ቄስ ነበሩን፤ በሥራ ቀን ኤርፖርቱ ፓርኪንግ በር ላይ ሒሳብ ይቀበላሉ፣ እሁድ እሁድ ቀሚሳቸውን ለብሰው አባ ይሆናሉ። የማኅበሩን መሪ ሙሴ ነው የምንለው፤ የእኛ ሙሴ ሰውን ከሆቴል ወደ አውሮፕላን በሚኒባስ የሚያመላልስ ቁጥብ ሰው ነው። የመጀመሪያው ማኅበር እኛ ቤት ሆነ። ዳቦው ተደፋ። ጌሾ ስላልተገኘ በጠላው ፈንታ የወይን ጭማቂ ተገዛ። ከሱዳን አንዲት ሴት በልብሷ ጠቅልላ ያመጣችው የሸክላ ጽዋ አለ ተብሎ ነበር፤ ሲፈታ ስብርባሪ ሆኖ ተገኘ። የቀረን የፕላስቲክ ጆግ ብቻ። አባ ጆጉን ሲያዩ መስቀላቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«በዚህ አልባርክም። ይኼ የመታጠቢያ ነው።»

«አባ፣ አዲስ ነው» አለች ልጄ።

«አዲስ የመታጠቢያ ነው።»

ዓይናቸው ቤቱን ዞረና መደርደሪያዬ ላይ ቆመ። «ያቺን ነጯን አምጡልኝ።»

«የአበባ ማስቀመጫ እኮ ናት፣ አባ» አልኩ።

«አበባ አስቀምጠውባት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ባዶዋን ነው የምወዳት።»

«እንግዲያው ሥራ ፈት ናት። ትምጣ።»

ሙሴ ግን ጠንቃቃ ነው። ተቀበለና ገልብጦ ቂጧን አነበበ። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። «ምዕራብ ናት» አለ፤ ሁሉም እፎይ አለ። ተጸለየ፣ ተባረከ። አባ ከእሷ ወደ ኩባያ ሲቀዱ፣ ለመቅጃ ስላልተሠራች፣ ግማሹ ወደ እጅጌያቸው ገባ። እኔ ሁሉ ነገር ለአንድ ከሰዓት መስሎኛል፤ አጥቤ እመልሳታለሁ ብዬ ዳቦዬን እበላለሁ። ድንገት እልልታ ሰማሁ። ቀና ስል የሚቀጥለው ወር ባለተራ፣ የልጄ የሥራ ባልደረባ፣ የአበባ ማስቀመጫዬን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ በሩን እየወጣች ነው።

«ወዴት ነው የምትወስዳት?» አልኳት ልጄን በጆሮዋ።

«ጽዋ ከባለተራ ወደ ባለተራ አይደል የሚሄደው? አታውቂም?»

«ጽዋ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። እሷ ጽዋ መሆኗን ነው ያላወቅሁት።»

አንዴ ከተባረከች በኋላ መልሱልኝ ማለት ከእመቤታችን እጅ መንጠቅ ነው። ስለዚህ ተራዬን መጠበቅ ያዝኩ። እኛ የመጀመሪያ ስለሆንን ተራችን የሁሉም መጨረሻ ነው። ያም ባልከፋ፤ ግን አትላንታ በየጊዜው አዲስ ስደተኛ ይገባል። አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ ሁሉም እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ ይስማል፣ እኔም እስማለሁ፤ አባ «ማኅበሩ ውስጥ ግቡ» ሲሏቸው ግን ወሩን በጣቴ መቁጠር እጀምራለሁ። እነሱ በገቡ ቁጥር የእኔ ተራ ወደ ኋላ ይሸሻል።

እንቅልፍ አጣሁ። ብትወድቅስ? የሰው ልጅ ቤት ውስጥ ኳስ ይመታል፣ የሰው ድመት መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ባለተራው ቤት ስልክ እደውላለሁ።

«እንደምን አደረች?»

«ማን?»

«ጽዋዋ።»

«ደህና ናት፣ እማማ። ኮሞዲኖ ላይ ናት።»

«ወደ ግድግዳው አስጠጓት። ከፍ ያለ ቦታ አታድርጓት።»

በዚህ የተነሳ ሰዉ እጅግ መንፈሳዊ ሴት ነኝ ብሎ አመነ። ስለ ጽዋ እንዲህ የሚጨነቅ አይተን አናውቅም ተባለ። ማኅበር ላይ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ተሸረፈች አልተሸረፈች እያልኩ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም፤ «እንዴት ብትመሰጥ ነው» ይባልልኛል። ሴቶች ጉልበቴን እየሳሙ «ይጸልዩልኝ፣ የግሪን ካርድ ጉዳይ አለብኝ» ይሉኛል። አልጸልይም አይባል ነገር። እጸልይላቸዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ስለ እሷም ጨመር አደርጋለሁ።

ሙሴ ተራው የደረሰ ጊዜ ጽዋዋን በቀጥታ ሥራ ይዟት ገባ። ሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አስሮላት እሁዱን ሙሉ ኤርፖርትና ሆቴል ሲያመላልሳት ዋለ። አንድ ነጋዴ ፈረንጅ እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥ ቢለው «ተይዟል» አለው አሉ። ይህን የሰማሁ ለታ ነው ነገሩ እንዲህ አይቀጥልም ያልኩት።

መንታዋን መፈለግ ጀመርኩ። ሌላ እሷን የመሰለች ካገኘሁ ለማኅበሩ እሰጣለሁ፣ የእኔዋን እወስዳለሁ። ድብቅ ነገር የለውም፤ ለአባም ፓርኪንጋቸው በር ላይ ታክሲውን አስቁሜ ነገርኳቸው። ከኋላ መኪና ጥሩምባ እየነፋ እሳቸው አሰብ አደረጉ።

«ባዶ ከሆነች፣ ከታጠበች፣ አዲሷን ባርኬ አሮጌዋን መስጠት እችላለሁ። ግን እንደ እሷ የምታምር ያምጡ።»

የልጄ ባል ቅዳሜውን ሁሉ ገበረልኝ። ፈልገን ፈልገን ስኔልቪል ውስጥ አንድ ጋራዥ ጥግ የውሻ ምግብ ማንኪያ ተሰክቶባት አገኘኋት። ቁመቷ ያው፣ አፏ ያው፣ ሽብሽቧ ያው። ገልብጬ አየሁ፤ ሁለቱ ሸለቆዎች አሉ። ማንኪያውን አውጥቼ ለውሻው ጌታ መለስኩለትና ታቅፌያት መጣሁ።

የዚያ ወር ማኅበር ኮሌጅ ፓርክ፣ እዚያችው የልጄ ባልደረባ ቤት ነበር፤ ከሌላ ባለተራ ጋር ተለዋውጣ። አዲሷን ወጥ ቤት አስቀመጥኩ። ጸሎቱ አለቀ፣ ጭማቂው ተጠጣ፣ አባ ጽዋዋን ለአስተናጋጇ ሰጡና «እጠቢያት» አሏት። ሆቴል የምታጸዳ ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ ማጠብ ከጀመረች የሚያቆማት የለም። የተጠጣባትንም ያልተጠጣባትንም በሎሚ ሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ ጎን ለጎን አድርጋ ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸውና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«የትኛዋ ናት የተባረከችው?» አሉ አባ።

ሴትየዋ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ከዚያ ጣሪያውን አየች።

ሙሴ ሁለቱንም ገለበጠ። «ሁለቱም ምዕራብ ናቸው» አለ።

አንድ ሽማግሌ «ይሽተቱ» አሉ። ተሸተቱ። ሁለቱም ሎሚ ሎሚ ይላሉ።

«እማማ ይወቁ እንጂ» አለ አንዱ ከኋላ፣ «ስንት ወር ሙሉ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ነቅለው አያውቁም።»

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አልተጨነቅሁም። የእኔዋ ከንፈሯ ሥር የአሸዋ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለቻት። መነጽሬን አድርጌ ወደ መስኮቱ አስጠጋኋት። ነጥቧ አለች። እፎይ ብዬ ሌላዋን ለወጉ ያህል አየኋት። ነጥብ አለባት። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ። ሁለቱን አቅፌ መሐል ቤት ቆምኩ፣ አንዷን ከሌላዋ መለየት ተሳነኝ።

«አባ፣ አላውቅም» አልኩ።

አባ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲህ የተባረከች ዕቃ አበባ ማስቀመጫ ሆና ከምትቀር፣ አበባ ማስቀመጫ ብትባረክ ይሻላል። ሁለቱም ጽዋ ናቸው» አሉና መስቀላቸውን አወጡ።

እንዲህ አድርጌ ሁለቱንም አጣኋቸው።

አንድ ማኅበር ሁለት ጽዋ አይዝም። ደግሞ የሊልበርንና የስኔልቪል ሰዎች ኤርፖርት ድረስ መምጣቱ ሰለቸን ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። እዚያው ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዷ ጽዋ ለወዲያኞቹ፣ አንዷ ለወዲህኞቹ። ሙሴ ሰዉን እየጠየቀ ይመድባል። እኔ ጋ ሲደርስ፦

«እማማ፣ እርስዎ በየትኛው ይግቡ?»

«በሁለቱም።»

«ሁለት ማኅበር ይከብድዎታል፣ እናቴ» አሉ አባ።

«አይከብደኝም። አንዷን ባጣ እኮ የትኛዋን እንዳጣሁ አላውቅም።»

አባ ይህን ምን ብለው እንደተረጎሙት እንጃ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንዷ ሴት ትከሻዬን ሳመች። ከእንዲህ ያለ ሰው ነው እንጂ መጀመር ያለበት ተባለና የወዲያኞቹ የመጀመሪያ ተራ ለእኔ ተሰጠ። እዚያው በነጠላ ተጠቅልላ፣ በእልልታ፣ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ በሁለት እጄ ይዣት የልጄን ባል ቀስ ንዳ ስለው ነበር፤ ሃይዌይ ላይ ቀስ አይነዳም ይለኛል።

ቤት ስንገባ ቀጥ ብዬ ወደ መደርደሪያዬ ሄድኩ፤ በሽንኩርቷና በከረጢቷ መሐል ቦታዋ ክፍት ነው። ልጄ ቀደመችኝ።

«እማዬ፣ ጽዋ ከጌጥ ጋር አይደባለቅም። ነውር ነው።»

ሽንኩርቷን፣ ከረጢቷን፣ ባለ ቀዳዳዋን፣ ሁሉንም በፎጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ከታ ከአልጋዬ ሥር ገፋቻቸው። መደርደሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ጽዋዋን በነጠላዋ እንደተጠቀለለች መሐል ላይ አስቀመጠችና ተሳለመች። የሚቀጥለው ማኅበር እስኪደርስ መገለጥ የላትም።

ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። የእኔዋ ትሁን ከውሻው ጌታ ያመጣኋት አላውቅም። ልጄ ኩሽና ሆና እያየችኝ ቆየች።

«ምንድነው እንዲህ የምታዪው፣ እማዬ?»

«ነጠላውን» አልኳት።