የእንዳለው መጭመቂያና የበሬው ጉልበት

ቡሬ ውስጥ የተሰበረ ነገር ይዞ በበያጁ በእንዳለው በራፍ ላይ ያልቆመ ማን አለ? የወፍጮ ዘንግ፣ የጋሪ ወገብ፣ የባጃጅ ሻሲ፣ ሁሉንም በይዶ አቁሟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው መጠገን ነበር። ዘንድሮ ግን፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ መስበር ጀመረላችሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ የምታስተምረው ያምሮት የበሬ ጉልበት አጥንት ታጠናለች። የአጥንቱ ጫፍ ውስጡ እንደ ዳቦ ልብ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እሷ በስስ በስሱ እየላጠች ፎቶ ታነሳና ያንኑ ቀዳዳ ኮምፒውተር ላይ ሠርታ፣ ስንት ኪሎ ቢጫነው እንደሚሰበር ታሰላለች። ከዚያ ከዚያው አጥንት የተቆረጠ ሌላ ቁራጭ በእውን ጨፍልቆ ማመሳከር ነው። የሚጨፈልቀውን መጭመቂያ እንዳለው ከጭነት መኪና ክሪክና ከግፊት መለኪያ አዋድዶ ሠራላት። ከተሳካ ግቢው ይወስደዋል፣ የእንዳለው ስምም ይጻፍበታል። ካልተሳካ ውዳቂ ብረት ነው።

በሆሳዕና ማግስት ሞከሩት። ኮምፒውተሩ «አራት መቶ ኪሎ» ብሏል። ክሪኩ ሲረገጥ አጥንቱ አራት መቶን አለፈ፣ አምስት መቶን አለፈ፣ ስድስት መቶ አሥር ላይ ቋ!

«ጋሼ እንዳለው፣ ማሽንዎ ትንሽ ሳያጋንን አይቀርም» አለች ያምሮት፣ እንዳይከፋው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከፋው እንጂ! ሦስት ኩንታል በቆሎ አምጥቶ ጫነበት። መለኪያው ሦስት መቶ አለ፣ ቅንጣት ሳያዛንፍ። ይሄኔ ዞር ብሎ፣

«መምህርት፣ ለመሆኑ በጾም አጥንቱን ከየት አገኘሽው?» አላት።

«በቅበላ ነዋ! ሥጋ ቤቱ ሳይዘጋ ገዝቼ፣ እንዳይሸትብኝ ጨው ነስንሼ እንደ ቋንጣ ሰቀልሁት።»

እንዳለው ሳቁ ፈነዳ። «የኔ እመቤት፣ እርጥብ ጠፍርና ደረቅ ጠፍር አንድ ነው? ቋንጣ አስጨፍልቀሽኝ ነው ማሽኔን የምታሚው?»

ያምሮት ግንባሯን መታች። «ውይ! ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባሁት እኮ የትኩስ አጥንት ጥንካሬ ነው!»

ፋሲካን እንዴት እንደጠበቁት አትጠይቁኝ። በቅርጫው ላይ ሰው ሽንጥና ታናሽ ሲል እንዳለው «ጉልበቱን ለእኔ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ማሚቱ በነጠላዋ ተሸፈነች። «ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ለአጥንት ይንሰፈሰፋል! ጎረቤት ምን ይለኛል?»

አጥንቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያምሮት ዘንድ ደረሰ። አዲሱን ፎቶ አነሳች፣ አዲሱን ስሌት ሠራች፤ አራት መቶ ሃያ። ሐሙስ ዕለት እንዳለው ክሪኩን ይረግጥ ጀመር። ሦስት መቶ። አራት መቶ። አራት መቶ አሥር...

«አይዞህ፣ ተሰበር!» አለችው ማሚቱ አጥንቱን።

አራት መቶ ሠላሳ ላይ ቀጭ አለ! ያምሮት እልልታዋን አቀለጠችው፣ ማሚቱም ተቀበለቻት፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሙሽራ የመጣ መስሏቸው በሩን ሞሉት።

በማግስቱ መጭመቂያው በጋሪ ተጭኖ ወደ ግቢው ሄደ። እንዳለው ከመጫኑ በፊት በቀይ ቀለም ስሙን ጻፈበት፤ ትንሽ አሰበና ከሥሩ ጨመረ፦ «ቋንጣ አይጨፈለቅበትም።»