የሊንዳውራ እጥፋት

መጋቢት ሲገባ እዚህ ኮረብታ ላይ ዝናቡ ይደክማል። አይቆምም፤ ይደክማል እንጂ። ኦውሮ ፕሬቶ፣ ይቺ የብራዚል ተራራማ ከተማችን፣ ያን ሰሞን እርጥብ ድንጋይ፣ እርጥብ ሱፍ፣ እርጥብ ግድግዳ ትሸታለች። ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶም አይደርቅም። አዲስ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ ድንጋዩ እያንሸራተታቸው ዳገቱን የሚወጡት በዚያ ወቅት ነው። እኔ ከማድ ቤቱ መስኮት ሆኜ አያቸዋለሁ። ዛሬም መጋቢት በመጣ ቁጥር ሰው የቀጠርኩ ይመስለኛል።

ስሜ ኤፊጄኒያ ነው፤ የወጣልኝ ላይኛው ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ባላት በጥቁሯ ቅድስት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ምግብ ያበሰልኩት ሴት ተማሪዎች በማኅበር በሚኖሩበት ቤት ነው። ጣራው ስለሚያፈስ ቤቱን «ወንፊት» ብለውታል። ሕጉን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። አዲስ ገቢዋ «አውሬ» ትባላለች። አንገቷ ላይ የማላገጫ ስም የተጻፈበት ካርቶን ይንጠለጠላል፤ ሰሃን ታጥባለች፤ ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር ባልዲ ይዛ ትሮጣለች። የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ እሁድ ምሳ ላይ ይመከርባታል። ትግባ ያለች የበቆሎ ፍሬ፣ አትግባ ያለች ጥቁር አደንጓሬ ቆርቆሮ ውስጥ ትጥላለች። አንዲት አደንጓሬ ከተገኘች አውሬዋ ሻንጣዋን ታነሳለች።

ሊንዳውራ የመጣችው ከሰሜን፣ ሴቶቹ ሸክላ ከሚሠሩበት ደረቅ ሸለቆ ነው። ቀጭን ነበረች። ሻንጣዋ በገመድ ታስሯል፤ ውስጡ ግን የተደረደረው ልብስ ሱቅ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ቤቱ ካልተቀበላት ወደ ሸለቆዋ መመለስ ነው፤ ከተማ ውስጥ ክፍል የምትከራይበት አቅም አልነበራትም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ደግሞ ከሁላችንም በላይ።

ከዚያ «ንፋስ» መጣባት። ንፋስ የተማሪዎቹ ልማድ ነው። አውሬዋ ትምህርት ውላ ስትመለስ ዕቃዋ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ተበትኖ ታገኘዋለች። ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች፤ ከዚያ ትለቅማለች፤ አንድ ብርጭቆ የሸንኮራ አረቄ ይቀዱላትና ነገሩ ያልቃል።

ያን ቀን ፍራሿ ግቢ ውስጥ ነበር። ካልሲዎቿ ዘይቱኑ ዛፍ ላይ፣ ሸሚዞቿ ከደረጃው እስከ መተላለፊያው ድረስ። ልጆቹ ከማድ ቤቱ በር ኋላ አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። ሊንዳውራ ገባች። ጃንጥላዋን አጠፈችና ቆማ አየች።

«ማን ነው?» አለች።

«ንፋስ ነው» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«እንግዲያው ንፋሱ ይመልሰው።»

አልፋቸው መጣችና ከጎኔ ተቀምጣ ጎመን ትከትፍልኝ ጀመር።

የቤቱ ታላቅ ኤኔይዳ ነበረች፤ ምላሷ ቢላ ነው። በሩ ላይ ተደግፋ፣ «አንቺ አውሬ፣ ጫካችሁ ውስጥ ቁም ሳጥን የለም እንዴ?» አለቻት።

«አለ። የሰው ቁም ሳጥን የሚከፍት ነው የሌለው።»

ባለፈው ዓመት አውሬ የነበረችው ኔውዛ ሳቋ አመለጣት። ኤኔይዳ ገላመጠቻት።

ልብሱ እንደወደቀ ሰነበተ። ልጆቹ እየተሻገሩት ያልፋሉ። ሊንዳውራ እኔ በሰጠኋት ብርድ ልብስ ባዶ አልጋ ላይ እየተኛች፣ በዚያችው ቀሚስ ትምህርቷን ትሄዳለች። ጠዋት ግን እያንዳንዷን በስሟ ጠርታ «እንደምን አደርሽ» ሳትል አትወጣም። ኤኔይዳን ያንገበገባት እሱ ነው።

«የዚህች ልጅ ሰላምታ ጥፊ ነው» አለች። «እስከ እሁድ ካልለቀመች፣ እማማ ኤፊ፣ የእኔን አደንጓሬ አሁኑኑ አስቀምጪልኝ።»

እኔም ፈራሁላት። ማድ ቤት ለብቻችን ስንሆን፣ «ልጄ፣ ልቀሚውና ይለፍ። ሁሉም ለቅመዋል፤ ማንም አልሞተም» አልኳት።

ድስቱን መፈተግ አላቆመችም። «እማማ ኤፊ፣ እናቴ ያን ሁሉ በከሰል ካውያ ተኩሳ ነው ያጠፈችው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ፤ ጨቅላ እንደሚጠቀለል። እኔ እየቆጠብኩ ነበር የምፈታው። ማታ ማታ አንዱን አወጣና ሳልፈታው አሸተዋለሁ። አሁን ብለቅመው ልብስ ብቻ ነው የማነሳው። እጥፋቱን ከየት አነሳዋለሁ?»

እኔም እናት ነበረችኝ። ዘወር ስል ኔውዛ ባዶ ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። ሰሃኑን አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ዝናቡ የቀረችውን ጉልበት ሰብስቦ ወረደ። ጣራው በየቦታው ያፈስ ጀመር። ሊንዳውራ ትምህርት ላይ ነች፤ ባልዲ የሚያስቀምጥ የለም። ውሃው ሸሚዞቹ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ኔውዛ ከክፍሏ ወጥታ ጎንበስ አለችና አንዱን አነሳች። ሌላዋ ልጅ ካልሲዎቹን ልታወርድ ዛፉ ላይ ወጣች። ፍራሹን ለሁለት ተሸክመው አስገቡት። ኤኔይዳ ደረጃው ላይ እጇን አጣጥፋ ታያቸዋለች። እግሯ ሥር አንድ ነጭ ሸሚዝ ቀርቶ ነበር፤ ውሃው አናቱ ላይ ይንጠባጠብበታል።

«ኔውዛ ነገረችኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳትነቅል። «የእናቷ ነው አሉ፣ እጥፋቱ?»

«የእናቷ ነው።»

ጎንበስ አለች።

ያን ቀን ምድጃዬ በሰው ልብስ ተሸፈነ፤ ምሳም አልበሰለም። ሊንዳውራ ስትገባ ኤኔይዳ በእኔ ካውያ ነጩን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ፣ እንደሰማችው ሞከረች። ሊንዳውራ ተቀበለቻትና አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ሸሚዝ ነው ወይስ ለመክተፍ የተጠቀለለ ጎመን?»

ኤኔይዳ መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች። እኔ ሊንዳውራ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱንም እየሳቀች። እሁድ ቆርቆሮውን ስገለብጠው የወጣው በቆሎ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በወንፊት ቤት ንፋስ አልነፈሰም። ሊንዳውራ አልከለከለችም፤ የተከራከረችም አይመስለኝም። መጋቢት ሲደርስ ጃንጥላዋን ይዛ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ትወርዳለች፤ አዲሷን ልጅ ተቀብላ አንዱን የሻንጣ እጀታ ትይዝላታለች። በር ላይ ሲደርሱ «ማን ብለን እንጥራሽ?» ትላትና ካርቶኑ ላይ ያንኑ ትጽፋለች። ሻንጣውን የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነው። ልጆቹ ከየራሳቸው ቁም ሳጥን ቦታ ይለቁላታል፤ የመጀመሪያዋን ሰሃን የሚያጥቡላት ታላላቆቿ ናቸው። ከሌሎቹ ቤቶች ሸሽተው እኛ ዘንድ የሚመጡ ነበሩ፤ ባለቀሱበት ዓይን ደጃፉ ላይ ቆመው «ሊንዳውራ የምትባል እዚህ ናት?» ይላሉ።

ሊንዳውራ ትምህርቷን ሳትጨርስ ሄደች። መጨረሻዋ ዓመት ላይ የእናቷ ዓይን ጠፋ፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሻንጣዋን ስታስር አጠገቧ ነበርኩ። «ለጥቅምቱ በዓል እመጣለሁ፣ እማማ ኤፊ» አለችኝ።

ጥቅምት የቀድሞ ልጆቻችን ሁሉ የሚመለሱበት ነው። የተመረቁት ፎቶ ግድግዳው ላይ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ያልተመረቀ አይሰቀልም፤ ሕጉ ነው። ኤኔይዳ ፀጉሯ ሸብቷል። በየዓመቱ ስትመጣ መጀመሪያ ግድግዳውን ታያለች፣ ቀጥላ እኔን ታያለች፤ እኔ «አልመጣችም» ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ዓመት ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ ከራሷ ፎቶ አጠገብ ሚስማር መታች። ልጆቹ «ሕጉስ?» ቢሏት፣ «ሚስማር አይከለክልም» አለች። አቧራ ስጠርግ እሱንም እጠርገዋለሁ።

ዘንድሮ መጋቢት ጃንዲራ የምትባል ልጅ ከዚያ ሸለቆ መጣች። ሻንጣዋን ስትከፍት ፎጣ ይዤ ገባሁ። ሸሚዞቹ እጅጌያቸው ወደ ውስጥ፣ ኮሌታቸው ወደ ላይ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን አጠፈልሽ፣ ልጄ?»

«አስተማሪዬ። ቤታችን ድረስ መጥታ ነው ያጠፈችልኝ።»

«ምን አለችሽ?»

«ንፋስ ቢመጣ አትልቀሚ አለችኝ። እዚህ ንፋስ ይበዛል እንዴ፣ እማማ?»

«ድሮ ነበር» አልኳት።

አንዷን ሸሚዝ ልያዛት ብዬ ለመንኳት፤ ሰጠችኝ። ሳልፈታት መለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም። ልጅቱ እንደነገረችኝ ሊንዳውራ ያለችው በዚያው ሸለቆ፣ አራሱዋኢ ከተማ ነው፤ ከገበያው ጀርባ፣ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት ልጆች ታስተምራለች።