የወንድሜ ጉልበት

ታናሽ ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ ደሙ ቶሎ አይረጋም ነበር። ለሌላው ሰው ምንም የማይመስል ግጭት እሱን ሳምንት ያስተኛዋል፤ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ጉልበቱን ይወጥረዋል። በልጅነቱ አባባ አዲስ አበባ ወስዶ ፕላዝማ ሲያሰጠው ይሻለው ነበር። አባባ ከሞተ በኋላ እናቴና እኔ ይዘነው ስንሄድ ግን ፕላዝማው ምንም አልፈየደለትም።

“ሰውነቱ መድኃኒቱን እንደ ባዕድ መታገል ጀምሯል” አሉን ሐኪሙ። “ከእንግዲህ በአውቶቡስ አታንገላቱት። እቤት በረዶ ያዙለት፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩለት፣ አይርገጥበት። ወጌሻም አይንካው።”

እኔ ያኔ አዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባመመው ቁጥር ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ መሸጫ በረዶ በባልዲ አመጣለሁ። እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቱ ላይ ታስረዋለች። ክፍሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

“ዛሬም እንደ ቆሮሶ ዓሣ በበረዶ ልውል ነው” ይለናል፤ እንስቃለን።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ቀበሌ ለውትድርና ጠራው። እናቴ ሕመሙን ልታስረዳ ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች።

“ደብቀሽዋል አሉኝ። ራሱ መጥቶ ካልታየ እኔን ሊያስሩኝ ነው።”

ወንድሜ ከተኛበት የተነሳው በዚያው ሳምንት ነበር። “እሄዳለሁ” አለና ወደ እኔ ዞረ። “ምን ትያለሽ?”

ለእናቴ ፈራሁ። “ቀስ እያልን እንሂድ” አልኩት።

ጋሪው ይንጠዋል ብለን በእግራችን ሄድን። እስከ ቀትር ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ተሰልፎ ቆመ። መቀመጫ ብለምን የሰማኝ የለም። ተራው ሲደርስ ሊቀመንበሩ ሱሪውን አስጠቅልሎ ጉልበቱን አየው።

“ይሄ ለምን ይሆነናል? ውሰጂው” አለኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ እግሩ እምቢ አለ። ሁለት ሰዎች ተሸክመው አስገቡልን። ሦስት ሳምንት በረዶ ያዝንለት። መብራት ጠፍቶ በረዶ ሲታጣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እናፈራርቅ ነበር። እብጠቱ ጎደለ፤ እግሩ ግን እንደታጠፈ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልሄደም።

አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ መርዶ መጣ። ያን ቀን ከወንድሜ ኋላ ተሰልፎ የነበረው ነው። ለቅሶ ስንደርስ እናቱ የእናቴን እጅ ይዘው፣ “አንቺስ ታደልሽ፣ ያንቺ እቤት ነው” አሏት።

እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች።